የጊኒ ፒግ ሆድ ሲጮኽ፣ ሲነፋና ዝም ሲል

ጊኒ ፒግን በቤት ውስጥ ማሳደግ በወሎ ከተሞች ገና አዲስ ነገር ነው። ደሴ ውስጥ የእኔን ሁለት ጊኒ ፒጎች መጀመሪያ ያዩ ጎረቤቶች «ጭራ የሌላት አይጥ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ልጆቹ ግን ውለው ሳያድሩ ለመዷቸው። ነገሩ አዲስ በመሆኑ እንስሳቱ ሲታመሙ ከአያት ከቅድመ አያት በወረስነው፣ ለበሬና ለበግ በሚሆነው ዕውቀታችን ልናክማቸው እንነሣለን፤ ዕውቀቱ በራሱ ቦታ ትክክል ቢሆንም እዚህ ላይ ግን ያሳስተናል። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው ከጊኒ ፒግ ሆድ ስለሚሰማው ድምፅና በሆዷ ስለሚጠራቀመው ጋዝ ነው። ጭን ላይ ተቀምጣ ሳለ ከሆዷ የሚሰማው ጉርጉርታ አዲሱን አሳዳጊ ያስደነግጠዋል፤ እኔም ደንግጫለሁ። ከዓመታት በኋላ የገባኝ ግን ሊያስደነግጠን የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የድምፁ መጥፋት መሆኑ ነው።

ሆዷ እንዴት ይሠራል?

በሬና በግ የበሉትን ሣር የሚያብላሉት ከፊት ባለው ሰፊ ጨጓራቸው ውስጥ ነው፤ ያመሰኳሉ፣ ጋዙንም እያገሱ በአፋቸው ያስወጣሉ። ጊኒ ፒግ ግን አታመሰኳም። ጨጓራዋ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ ሣሩ በዋናነት የሚብላላው ከትንሹ አንጀት ቀጥሎ በሚገኘው፣ ዕውር አንጀት በሚባለው ትልቅ ከረጢት ውስጥ ነው። ይህ ከረጢት በጨጓራዋና በአንጀቷ ውስጥ ካለው ሁሉ እስከ 65 በመቶ የሚሆነውን ሊይዝ ይችላል። በውስጡ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ጠንካራውን የሣር ቃጫ ሲሰባብሩ ጋዝ ይፈጠራል፤ ይህ የዘወትር ሥራቸው ነው። ጋዙም ከአንጀቱ እንቅስቃሴ ጋር እየተገፋ ወደ ኋላ ይወጣል። ጊኒ ፒግ ማስታወክ አትችልም፤ እንደ በሬ አግስታም አትገላገልም። ስለዚህ አንጀቷ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ የተጠራቀመው ጋዝ ሆዷን ሲወጥረው ያማታል፤ ሲያማት መብላት ትተዋለች፤ መብላት ስትተው አንጀቷ ይበልጥ ይቆማል። ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ የሚብሰው ይህ አዙሪት ስላለ ነው።

አንጀቱን የሚያንቀሳቅሰው ረጅም ቃጫ ያለው ደረቅ ሣር፣ ማለትም ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ስል የሣሩን ማለቴ መሆኑን ግልጽ ላድርግ፤ አንድ ወዳጄ «ድርቆሽ ብቻ ነው የምትበላው» ስለው በማግሥቱ አንድ ፌስታል ሙሉ የእንጀራ ድርቆሽ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። እንጀራ ለጊኒ ፒግ ፈጽሞ አይሆንም፤ በስታርች የተሞላ ስለሆነ በዕውር አንጀቷ ውስጥ ቶሎ ይቦካና ጋዝ ያበዛል። ከምግቧ አብዛኛው፣ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል፣ የሣር ድርቆሽ መሆን አለበት፤ ሌሊትም ሆነ ቀን ከፊቷ ሊጠፋ አይገባም።

ጎንበስ ብላ ከራሷ መቀመጫ አንድ ነገር ስትለቅም ካያችኋትም አትከልክሏት። ከዕውር አንጀት የሚወጣው ለስላሳ በጠጥ በረቂቅ ተሕዋስያኑ የተዘጋጁ ቫይታሚኖችን የያዘ ነው፤ እርሱን መልሳ መብላቷ የጤንነት ምልክት ነው።

ጤነኛውን ሆድ አስቀድሞ ማወቅ

የታመመን ሆድ ለመለየት ጤነኛውን መልመድ ያስፈልጋል። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በተለይ ማታ ድርቆሿን በልታ ስትጨርስ፣ እጭናችሁ ላይ አስቀምጧትና ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታች ጆሯችሁን በቀስታ ጎኗ ላይ አሳርፉ። በግራ በኩል አንድ ደቂቃ፣ በቀኝ በኩል አንድ ደቂቃ አዳምጡ። የደም ግፊት መለኪያ ያለው ሰው የማዳመጫ መሣሪያውን ቢያውሳችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ጤነኛ ሆድ ውኃ ከእንስራ ሲንቆረቆር ከሌላ ክፍል እንደሚሰማው ዓይነት ለስላሳ ድምፅ በየደቂቃው ጥቂት ጊዜ ያሰማል። በሳምንት ሁለት ቀን ይህን ብታደርጉ በወር ጊዜ ውስጥ የእያንዳንዷን ልማድ ታውቁታላችሁ። ከእኔ ሁለቱ አንደኛዋ፣ ቡሬ፣ ሁልጊዜ ሆደ ጯሂ ናት፤ ዳማ የምንላት ሁለተኛዋ ደግሞ ሆዷ ብዙ አይሰማም። የዳማ ሆድ በአንድ ምሽት እንደ ቡሬ ሆድ ቢጮኽ ለእኔ ትልቅ ወሬ ነው፤ በቡሬ ላይ ግን ወሬ አይሆንም።

እጅም ያዳምጣል። ጣቶቻችሁን ሳትጫኑ ከሆዷ ሥር ብታደርጉ ጤነኛው ሆድ እንደ ታሸ ሊጥ ለስለስ ብሎ ይመለሳል። የተነፋው ሆድ ግን የተወጠረ ነው፤ በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ ሲነካ መንዙማ ላይ እንደሚመታ ድቤ ባዶ ድምፅ ያሰማል። በወሎ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ምስክር በጠጡ ነው። ለፍየልና ለበግ የምንለውን ቃል ለጊኒ ፒግም የተጠቀምኩበት ቅርጹ ስለሚቀራረብ ነው። የጤነኛዋ በጠጥ ሞላላ፣ እኩል መጠን ያለው፣ ጠቆር ያለ ቡናማና ሲነካ የማይበታተን ነው፤ በቀን ከመቶ በላይ ትጥላለች። በጠጡ እያነሰ፣ ጫፉ እየሾለ፣ በፀጉር እየተያያዘ ወይም ቁጥሩ እየቀነሰ ከመጣ አንጀቱ ዘግይቷል ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ማደሪያዋን ስትጠርጉ ዝም ብላችሁ አትድፉት፤ አንድ ጊዜ ተመልከቱት።

አራተኛው ሚዛን ነው። ባለ ቁጥር የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አንድ ሳህን አስቀምጣችሁ በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት ሰዓት መዝኗት፤ ቁጥሩንም በደብተር ጻፉት። ያደገች ጊኒ ፒግ አብዛኛውን ጊዜ ከ700 እስከ 1,200 ግራም ትመዝናለች። በሳምንት የ50 ግራም መቀነስ ነገሩን በቅርብ እንድንከታተል ያስገድዳል፤ ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ከቀነሰች ደግሞ ሐኪም ሊያያት ይገባል። ጊኒ ፒግ በተፈጥሮዋ የሚታደን እንስሳ በመሆኗ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ፊቷ የሚሸሽገውን ሚዛኑ አይሸሽግም።

ድምፆቹን መለየት

ከአፏ የሚወጣውን ድምፅ ከሆዷ ከሚወጣው ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። የፌስታል ኮሽታ ስትሰማ የምታሰማው ረጅም ፉጨት የምግብ ጥያቄ ነው። ጀርባዋን ስትዳብሱ የሚሰማው ዝቅ ያለ እርግብግቢት ከጉሮሮዋ ይመጣል፤ ሆድ አይደለም። ጥርሷን ፈጠን አድርጋ ስታንቀጫቅጭ ተቆጥታለች፤ ብቻዋን ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ቀስ እያለች ጥርሷን ስታፋጭ ግን እያመማት ነው። ይህንን የመጨረሻውን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ከሆዷ ለስላሳ ጉርጉርታ እየተሰማ የምትበላ፣ በጠጧን የምትጥልና የምትንቀሳቀስ ከሆነ ምንም አታድርጉ። አዲስ ቅጠል ከበላች በኋላ ሆዷ ከልማዷ በላይ ደጋግሞ እየጮኸ፣ ፈሳሽ የሚላጋ ዓይነት ድምፅ እያሰማ፣ እርሷ ግን መብላቷን ካላቋረጠች፣ ጋዝ በዝቷል፤ ነገር ግን እየተንቀሳቀሰ ነው። ያን ጊዜ እርጥቡን ምግብ በሙሉ አንሥታችሁ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ብቻ ትታችሁላት በየሁለት ሰዓቱ ተመልከቷት። ሆዷ እንደ ድቤ ተወጥሮ የሚፈልቅ፣ ቀጭን፣ እንደ ብረት የሚጮኽ ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ደግሞ በሁለቱም ጎን ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ አዳምጣችሁ ምንም ካልሰማችሁ፣ በዚያም ላይ የምትወደውን ቅጠል ስታቀርቡላት ፊቷን ካዞረች፣ ነገሩ እስከ ጠዋት የሚያድር አይደለም። ሆዷ ባይነፋ እንኳ ለ12 ሰዓት ምንም ያልበላች ጊኒ ፒግ የድንገተኛ ሕክምና ታማሚ ናት።

በወሎ ወቅቶች ጋዝን የሚያመጣው ምንድን ነው?

የጊኒ ፒግ መኖ መመሪያዎች በብዛት የተጻፉት ድርቆሽ ታሽጎ ከሱቅ ለሚገዛባቸው አገሮች ነው። እኛ ግን ከወቅቱ ጋር ነው የምንኖረው፤ አደጋውም ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል።

መስከረም አንደኛው ነው። ሜዳው ሁሉ ለምለም ይሆናል፤ በሣሩ መካከል ማገጥ በብዛት ያብባል። ማገጥ ከብትን እንደሚነፋ የወሎ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በተለይ ጤዛ ያለበት ከሆነ በባዶ ሆዳቸው አያሰማራቸውም። ለጊኒ ፒግም ያው ነው፤ አልፋልፋም የእርሱ ዘመድ በመሆኑ በተመሳሳይ ጥንቃቄ ይታይ። ከዚያ ቀጥሎ የባቄላና የሽምብራ እሸት ይመጣል። ልጆች እሸት ሲበሉ አብረው ሊያካፍሏት ይወዳሉ፤ እሸቱም ገለባውም ጋዝ ስለሚያበዛ ይከልከል።

በበልግ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ዝናቡ ሲጥል አዲስ የሚበቅለው ሣር ለስላሳ፣ ውኃ የሞላበትና ቃጫው አነስተኛ ነው። ለወራት ደረቅ ስትበላ የቆየች ጊኒ ፒግ በአንድ ቀን ወደዚህ ሣር ብትዞር በሆዷ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን አይከተሏትም። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ዘለላ ሰጥታችሁ መጠኑን ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ሰርዶ ለመጀመር ጥሩ ነው። ሣሩን የምታጭዱት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይሁን፤ ውሻ ከሚውልበትና ከመኪና መንገድ ዳር ካለው ቦታም አትጨዱ። በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ የዋለ እርጥብ ሣር ደግሞ እጃችሁን ስታስገቡ ይሞቃል፤ መቡካት ጀምሯል ማለት ነውና አትስጧት።

የክረምቱ ችግር ሻጋታ ነው። ድርቆሽ በብዛት የሚታጨደው በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ የዓመቱን ያኔ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል፤ ነገር ግን ከግድግዳ ተጠግቶ፣ መሬት ላይ የተከመረ ድርቆሽ በሐምሌ እርጥበት ይሻግታል። ከእንጨት በተሠራ ርብራብ ላይ፣ አየር በሚያገኝ ጆንያ አድርጋችሁ አኑሩት። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ሙሉ በሙሉ ያልጠፋና ሲሸተት ደስ የሚል ነው። ሲራገፍ ነጭ ብናኝ የሚወጣው ለመኝታም አይሆን። ሰኞ ገበያ ስትገዙ ከእስሩ ላይ ብቻ አትመልከቱ፤ እጃችሁን መሐሉ ድረስ ሰድዳችሁ አንድ ጭብጥ አውጥታችሁ አሽትቱ። ሻጩ ቢገላምጣችሁም ግድ የለም። የጤፍ ጭድ ለመኝታ መልካም ነው፤ በምግብነት ግን የሣር ድርቆሽን አይተካም።

ከወቅት ውጭ ያሉት ደግሞ የቤታችን ጣጣዎች ናቸው። ፉርሽካና ፋጉሎ ለበግና ለላም ማድለቢያ የታወቁ ቢሆኑም ለጊኒ ፒግ ከመጠን በላይ ከባድ ናቸው፤ የዶሮ መኖም ለዶሮ ይቅር። ጥቅል ጎመን፣ የአበባ ጎመን፣ ሙዝ፣ ሸንኮራ፣ ቆሎና ዳቦ ሁሉም ጋዝ ያመጣሉ። የቀይና የነጭ ሽንኩርት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል መርዛማ ስለሆኑ ከጋዝም የከፋ ጉዳት አላቸው። ለቡና የተጎዘጎዘውን ቄጤማ ልጆች ከወለል አንሥተው ሲሰጧት አይቻለሁ፤ የተረገጠና ቡና የፈሰሰበት ነውና ይቅር። የጫት ገራባ ለፍየል መጣሉ በአገራችን የተለመደ ስለሆነ እንግዶች «ይቺስ ትብላ» ይላሉ። አነቃቂ ንጥረ ነገር ስላለበት ለዚህች ትንሽ እንስሳ በአክብሮት እምቢ ልትሉላት ይገባል።

የአየሩም ነገር አለበት። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለችና ሙቀቷ ሌላ ነው። ጊኒ ፒግ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትጨነቃለች፤ መብላትም ትቀንሳለች። የደሴ ችግር ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው። በሁለቱም ቦታ ማደሪያዋን ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው መስኮትና ንፋስ ከሚያስገባው በር ማራቅ ነው።

ቡሬ የተነፋችበት ሌሊት

ከላይ ስለ ማገጥ የጻፍኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት መስከረም የእኅቴ ልጅ ሊያስደስተኝ ብሎ ከማለዳው ጤዛ ጋር የታጨደ አንድ እቅፍ ሣር አምጥቶ ሁሉንም አንድ ላይ ማደሪያቸው ውስጥ አስገባው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ስገባ ዳማ እያፏጨች ተቀበለችኝ፤ ቡሬ ግን ከጥጉ አልተነሣችም። ፀጉሯ ቆሟል፤ ዓይኖቿ በግማሽ ተከድነዋል፤ እጄን ከሆዷ ሥር ሳደርግ ሊጡ የለም፤ ድቤው ነው ያለው። ከማደሪያው የቀረውን ሣር ስበትነው ከግማሽ በላይ ማገጥ ነበር። ጆሮዬን ስጠጋ በግራ ጎኗ በኩል አልፎ አልፎ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ በቀኙ ዝምታ ነው።

ቀደም ብዬ ስልኩን የያዝኩት አንድ የእንስሳት ሐኪም ነበርና ደወልኩለት። የትንፋሿን ፍጥነትና የድዷን ቀለም ጠየቀኝ፤ ድዷ ገርጥቶ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሌሊት ይዣት እንድወጣ ይነግረኝ እንደነበር በኋላ ገልጾልኛል። ድዷ እንደ ጤነኛ ድድ ሮዝ ነበር። በክብደቷ ልክ ሲሜቲኮን የተባለ የሆድ ጋዝ ጠብታ አዘዘልኝ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንዳመጣትም ነገረኝ። በየሰዓቱ እየተነሣሁ አየኋት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ በጨርቁ ላይ ሦስት በጠጥ አገኘሁ፤ ትናንሽና ለስላሳ ነበሩ፤ ያን ያህል የተደሰትኩበት በጠጥ ግን የለም።

በቤት ውስጥ የሚደረገው

መጀመሪያ እርጥብ ምግብ የተባለውን ሁሉ አንሡ፤ ድርቆሽና ውኃ ይቅረብ። ማደሪያዋ ላይ ነጭ ጨርቅ ብታነጥፉ የምትጥለውን በጠጥ ለመቁጠር ይቀላል። መዝኗት፤ ሰዓቱንም ጻፉ። ሞቅ ያለ፣ የማያቃጥል ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎኗ አስቀምጡላት፤ በሁለቱም ጎን ከሆነ ሲሞቃት መሸሻ ታጣለች። በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ወለል ላይ አውርዳችሁ እንድትራመድ አድርጉ፤ እንቅስቃሴ አንጀትን ይቀሰቅሳል። ሆዷን ማሸትን በተመለከተ የእኔ አቋም ጥብቅ ነው፤ የተወጠረ ሆድ አይጨመቅም። እጅን ለስለስ አድርጎ ከፊት ወደ ኋላ መዳበስ ከፈቀደች ይቻላል፤ ከጮኸች ወይም ከተንፈራገጠች ወዲያው ይቁም።

ሲሜቲኮን ለሕፃናት የሆድ ጋዝ የሚሰጥ፣ በመድኃኒት ቤት የሚገኝ ጠብታ ነው። በአንጀት ውስጥ የተበታተኑትን ጥቃቅን አረፋዎች አንድ ላይ በማዋሐድ እንዲወጡ ያግዛል፤ የቆመውን አንጀት ግን አያስነሣም፤ መነሻውንም አያክምም። መጠኑን ሐኪም በክብደቷ አስልቶ ይንገራችሁ፤ በጠርሙሱ ላይ አልኮል ወይም ዛይሊቶል የሚል ከተጻፈበትም አትግዙት።

ሆዷ ያልተወጠረ ሆኖ መብላት ብቻ ከተወች በእጅ ማብላት ሕይወቷን ሊያተርፍ ይችላል። የጊኒ ፒግ መኖ ካላችሁ በሞቀ ውኃ ዘፍዝፉት፤ ከሌለ ጥሩ ድርቆሽ ፈጭታችሁ በወንፊት ነፍታችሁ በውኃ በጥብጡት። መርፌው በተነቀለ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፊት ጥርሷ ኋላ፣ ከጎን በኩል፣ በግማሽ ሚሊ ሊትር ግማሽ ሚሊ ሊትር ስጧት፤ አላምጣ እስክትውጥም ጠብቁ። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፤ ይኸውም በአምስት ወይም በስድስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል። 900 ግራም ለምትመዝን 45 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ሆዷ እንደ ድቤ ከተወጠረ ግን ሐኪም ሳያያት አታብሏት። ጨጓራዋ ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በራጅ ብቻ የሚለይ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና የማይፈታ ችግር ነው።

ፈጽሞ የማይደረገው

ላም ስትነፋ የኑግ ዘይት ወይም የሳሙና ውኃ ማጠጣት፣ ብሶ ሲመጣም ጎኗን በስቶ ማስተንፈስ በገጠራችን የታወቀ ነው። በላም ላይ ምክንያት አለው፤ ጋዙ ያለው ከቆዳዋ አጠገብ ባለው ትልቅ ጨጓራዋ ውስጥ ነውና። በጊኒ ፒግ ላይ ግን ዘይቱ ወደ ሳንባዋ ይገባል፤ መብሳት ደግሞ አንጀቷን ቀድዶ መግደል ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ አረቄ፣ ቤኪንግ ፓውደርና ለሕፃናት የሚሰጠው ግራይፕ ዋተርም በዚሁ መዝገብ ይግቡ።

ከሁሉ የባሰው ግን ያለ ዕውቀት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። ከቡሬና ከዳማ በፊት የነበረችኝን አንዲት ጊኒ ፒግ ያጣሁት በዚህ ነው። ሆዷ ሲጮኽ አንድ የከብት መድኃኒት መሸጫ ወሰድኳት፤ ሻጩ ለበግ የሚሰጠውን የፔኒሲሊንና የስትሬፕቶማይሲን ቅልቅል ቀንሶ ወጋት፤ በአራተኛው ቀን በተቅማጥ ሞተች። በኋላ እንደተረዳሁት ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን በዕውር አንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይገድላሉ፤ በእነርሱ ቦታ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ይበዛና እንስሳዋን በቀናት ውስጥ ይገድላታል። ኦክስፎርድ ውስጥ ሃዋርድ ፍሎሪና ባልደረቦቹ ሜይ 25 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን የሞከሩት በስምንት አይጦች ላይ ነበር፤ መድኃኒቱን ያላገኙት አራቱ ሌሊቱን ሲሞቱ ያገኙት አራቱ ጠዋት በሕይወት ነበሩ። ዕጣው በአይጥ ፈንታ በጊኒ ፒግ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ገና ከጅምሩ መርዝ ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር።

ጋዙ የሌላ ሕመም ምልክት ሲሆን

ምግቧ ሳይለወጥ በየጥቂት ሳምንቱ የምትነፋ ከሆነ መነሻው ሆድ ላይሆን ይችላል። የጊኒ ፒግ ጥርስ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ የመንጋጋ ጥርሶቿ ረዝመው ምላሷን ሲይዙት ማላመጥ ያቅታትና አንጀቷ ይዘገያል። አገጯ በምራቅ መራሱ፣ ድርቆሽ እየነከሰች መልሳ መጣሏ የዚህ ምልክት ነው። የፊኛ ጠጠርም እንዲሁ በሕመሙ ምክንያት ከመብላት ያግዳታል።

የቫይታሚን ሲ እጥረትም አለ። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ይህን ቫይታሚን በሰውነቷ መሥራት አትችልም፤ ኖርዌያውያኑ ሆልስትና ፍሮሊክ እ.ኤ.አ. በ1907 በዚህ ቫይታሚን እጥረት ስለሚመጣው የእስከርቪ በሽታ ያደረጉት ምርምር ፍሬ የሰጠው በእርሷ በኩል ነው። ያደገች ጊኒ ፒግ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ቢያንስ 10 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ ላረገዘችና ለምታድግ ደግሞ ወደ 30 ከፍ ይላል። ሲጎድልባት መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ ድዷ ይደማል፣ መብላትና መንቀሳቀስም ትተዋለች። የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያ ከገበያችን ከሚገኙት ሁሉ ይህን ቫይታሚን በደንብ የያዘና ሆዷን የማይነፋ ነው።

ሁሉም ያበጠ ሆድ ጋዝ አይደለም። ዕድሜዋ በገፋ ሴት ላይ ጎንና ጎኗ ሲያብጥና ፀጉሯ ሲሳሳ የማሕፀን እንቁላል ከረጢት ላይ የወጣ እብጠት ሊሆን ይችላል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ «ሆዷ ተነፍቶ አልጎድል አለ» ብላ ጠርታኝ ስሄድ እጄ ሥር አንድ ነገር ረገጠ፤ ከሳምንት በኋላ ፀጉራቸው የበቀለ፣ ዓይናቸው የተከፈተ ሦስት ግልገሎች ተወለዱ። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ስለሚቆይ ወንድና ሴት አብረው ያሳደጉ ሰዎች ይህንን አስቀድመው ያስቡ።

ወደ ሐኪም ሲኬድና ከዳነች በኋላ

በወሎ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ቀናቸውን የሚያሳልፉት ከበሬ፣ ከበግ፣ ከበቅሎና ከዶሮ ጋር ነው። ስለዚህ ሐኪማችሁን እንስሳዋ ሳትታመም ፈልጋችሁ ተዋወቁ፤ ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ስለሆነች ጠያቂ አያጣም። ስትሄዱ ጎኑ የተበሳ ካርቶን ውስጥ ድርቆሽ ጎዝጉዛችሁ፣ የምትለምዳትን ጓደኛዋንም አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻዋን ስትጓዝ ፍርሃቱ ራሱ አንጀቷን ያቆመዋል። የክብደት ደብተሩንና በወረቀት የተጠቀለለ የዕለቱን በጠጥ አትርሱ። ለሐኪሙም መጀመሪያ የምትናገሩት፣ በትሕትና ግን በግልጽ፣ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ይሁን።

ከዳነች በኋላ ለሦስት ቀን ድርቆሽና ውኃ ብቻ ትብላ። በአራተኛው ቀን አንድ ቁራጭ ቃሪያ ሰጥታችሁ ማታውን ሆዷን አዳምጡ፤ በጠጧ ካልተለወጠ በማግሥቱ ጥቂት ሰርዶ ጨምሩ፤ በአንድ ቀን ግን ሁለት አዲስ ነገር አትስጡ። ቡሬ በዚያ ሌሊትና በማግሥቱ 70 ግራም ቀንሳ ነበር፤ ወደ ቀድሞው 940 ግራሟ ለመመለስ 11 ቀን ፈጅቶባታል። የእኅቴ ልጅ አሁንም ሣር ያመጣልናል፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞም ማገጡን አንድ በአንድ እየለቀመ ለጎረቤት በግ ይሰጠዋል።